የተዘጋው ቢሮና የሚቆጠረው ቀን

(ለአብያተ ክርስቲያናት የእርዳታ ኮሚቴዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



የተሰጠን ርእስ «የመንግሥት ቢሮዎች በተዘጉ ጊዜ ወገኖቻችን የሚገባቸውን እርዳታ እንዴት ያገኛሉ?» የሚል ነው። ስለዚህ ጉዳይ የምንናገረው እንደ ዐዋቂ ሳይሆን እንደ ተሳሳተ ሰው ነው። ስለዚህ ስሕተታችንን አስቀድመን እንነግራችኋለን። ቀኖቹን ሁሉ የምንጠራው በምንኖርበት በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

በ2020 የኮሮና በሽታ በተነሣ ጊዜ የአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ማርች 17 ቀን በመላው አገሪቱ ያሉትን ከ1,200 በላይ ቅርንጫፍ ቢሮዎቹን ለባለጉዳይ ዘጋ። ያን ጊዜ ለሁላችንም የመሰለን ለሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ለአንድ ወር ነበር። ያለ ቀጠሮ ለሚመጣ ሰው በሮቹ የተከፈቱት ግን ኤፕሪል 7 ቀን 2022 ነው። ከሁለት ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

በዚያ ሰሞን በዋሽንግተን አካባቢ ካሉት ጉባኤዎቻችን በአንዱ አንድ አባት ነበሩ። በስደተኝነት ገብተው ኋላ ዜግነት ያገኙ፣ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ለጥቂት ዓመታት የሠሩ ናቸው። መኪና ማቆሚያው ማርች ላይ ሲዘጋ ሥራቸውም አብሮ ተዘጋ። ጡረታ ለማግኘት በጥቅሉ የ10 ዓመት የሥራ ታሪክ ስለሚያስፈልግ ጡረታ አይደርሳቸውም። ነገር ግን ሜይ ላይ 65 ዓመት ይሞላቸዋል፤ ገቢና ንብረት የሌለው አረጋዊ ደግሞ ኤስ.ኤስ.አይ. የሚባለውን እርዳታ መጠየቅ ይችላል። ወደ ቢሮው ሄዱ። በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አገኙ፤ በእንግሊዝኛ ነው። ወረቀቱን በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ወደ እኛ መጡና «ልጆቼ፣ ምን ይላል?» አሉን።

እኛም «ቢሮው ተዘግቷል ይላል አባባ፤ እስኪከፈት ይታገሡ» አልናቸው።

ወረቀቱ የስልክ ቁጥርም ነበረበት። አላነበብንላቸውም። ብናነብላቸውም ኖሮ እንዲህ ያለ ትልቅ ጉዳይ በስልክ ያልቃል ብለን አላሰብንም ነበር። በአገራችን እንደ ለመድነው ጉዳይ የሚፈጸመው ፊት ለፊት ነው፤ ሰው ማልዶ ተነሥቶ፣ ፋይሉን በብብቱ ይዞ፣ ከደጅ ቆሞ ነው። እኒያም አባት እኛን አምነው እስከ ኦክቶበር ታገሡ። የቤት ኪራያቸውን ከወንድሞች እየተበደሩ ከፈሉ።

ያላወቅነው ነገር ይህ ነው። ኤስ.ኤስ.አይ. ወደ ኋላ ተመልሶ አይከፍልም። የሚከፈለው ሰው ካመለከተበት ወር ቀጥሎ ካለው ወር ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት የተራበው ራብ በመዝገብ አይገባም። ሜይ ላይ አመልክተው ቢሆን ኖሮ ከጁን ጀምሮ ይከፈላቸው ነበር። ኦክቶበር ላይ በማመልከታቸው ከኖቬምበር ጀመረ። በ2020 የአንድ ሰው ከፍተኛው የፌዴራል ክፍያ በወር 783 ዶላር ነበር። የአምስት ወሩ 3,915 ዶላር ይሆናል። ይህን ገንዘብ ያስቀረባቸው የተዘጋው በር አይደለም፤ «ይታገሡ» ያልነው እኛ ነን። ይቅርታ ስንጠይቃቸው «እናንተማ ልጆች ናችሁ፤ እኔ ነኝ ሞኙ» አሉን። ከዚህ ይልቅ ቢቈጡን ይሻለን ነበር።

እንግዲህ ለእናንተ ለሠራተኞችና ለኮሚቴ አባላት ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ሰው ቢሮው ዘንድ ደውሎ «ማመልከት እፈልጋለሁ» ያለበት ቀን ራሱ ይመዘገባል። ቀጠሮው ከወር በኋላ ቢሆንም፣ ፎርሙ ገና ባይሞላም፣ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ማመልከቻው ከተፈጸመ የሚታሰበው ያ የመጀመሪያው ቀን ነው። ጊዜውም አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን ነው። ስለሆነም ወረቀት እስኪሟላ፣ ልጅ ከሥራ እስኪመለስ፣ ቢሮ እስኪከፈት አይጠበቅም። መጀመሪያ ይደወላል፤ ወረቀቱ ኋላ ይፈለጋል። የተደወለበትን ቀንና ሰዓት፣ የተናገረውንም ሠራተኛ ስም በደብተር ጻፉ።

አሁን ስለ ስልኩ እንናገር። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ብዙ ሰው የወደቀው እዚህ ነውና። ቁጥሩ 1-800-772-1213 ነው። የሥራው ሰዓት ከሰኞ እስከ ዓርብ በፈረንጅ ሰዓት ከ8 እስከ ምሽቱ 7 ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። ይህን ለይታችሁ ንገሩ። «በስምንት ሰዓት ይደውሉ» ብለናቸው ከምሳ በኋላ፣ መስመሩ እጅግ በተጨናነቀበት ጊዜ የደወሉ እናት ነበሩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቀው የስልካቸው ሂሳብ አለቀ።

ከዚያም መኪናው፣ ማለት ቴሌፎኑን የሚያነሣው መሣሪያ፣ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። በነዚያ ዓመታት ከእንግሊዝኛና ከስፓንኛ ሌላ ቋንቋ ለሚናገር ሰው የተሰጠው መመሪያ መሣሪያው ሲጠይቅ ዝም ብሎ መጠበቅ፣ ሰው እስኪያነሣ ድረስ ምንም አለመናገር ነበር። ለእኛ ሰው ይህ ከባድ ነው! ሰው ሲያናግርህ ዝም ማለት ነውር ነው ብለን አድገናል። እናቶቻችን «አቤት፣ አቤት፣ ማን ልበል?» እያሉ ለመሣሪያው ሲመልሱ መሣሪያው ግራ ይጋባል። ሕያው ሰው ሲያነሣ ግን «አማሪክ» የምትለዋ አንዲት ቃል ትበቃለች። መሥሪያ ቤቱ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ በስልክ ያቀርባል።

ያለ ክፍያ የሚቀርበውን አስተርጓሚ ትተን የቤት ልጅ ለምን እናስተረጉማለን? ይህም የኛው ልምድ ነው። ከመካከላችን አንዱ ለአንዲት እናት ሲያስተረጉም ሠራተኛዋ «ያላቸው ሀብት ምን ያህል ነው?» ብላ ጠየቀች፤ እርሱም እንዳለ «ሀብትዎ ምንድር ነው?» አላቸው። እናታችንም ደስ ብሏቸው «ሀብቴማ ልጆቼ ናቸው፤ ስድስት አሉኝ» አሉ። ሠራተኛዋ ስድስት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ ደከመች። የተፈለገው በባንክ ያለው ገንዘብ ነበር። ለአንድ ሰው ከ2,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት ከ3,000 ዶላር በላይ መኖር የለበትም። ይህ ልክ ከ1989 ጀምሮ ከፍ አላለም። በዚህ አጋጣሚ ስለ ዕቁብ እንንገራችሁ፤ የደረሰ ዕቁብ በወሩ የመጀመሪያ ቀን በባንክ ደብተር ላይ ከተገኘ እንደ ሀብት ይቈጠራል። ዕቁቡ የሌላ ሰው አደራ ቢሆንም ማስረዳቱ ቀላል አይደለም። ሽማግሌዎችን የዕቁብ ገንዘብ ያዥ አታድርጉ።

ሌላው ችግር የልደት ቀን ነው። ሠራተኛው የሚናገረው ሰው ራሱ ባለጉዳዩ መሆኑን ለማረጋገጥ ስም፣ የሶሻል ቁጥር፣ የልደት ቀን፣ የትውልድ ቦታ፣ የወላጆችን ስም ይጠይቃል። በስደተኝነት ከገቡት አረጋውያን ብዙዎቹ በወረቀታቸው ላይ የተጻፈው ጃንዋሪ 1 ነው። አንዲት እናት የተወለዱት በጥቅምት መሆኑን አጥብቀው ያውቃሉ፤ በአዝመራ ጊዜ ነበር፣ እናታቸው ነግረዋቸዋል። «ያልተወለድሁበትን ቀን ተወለድሁበት ብዬ አልዋሽም» አሉ፤ ስልኩም ተዘጋ። ይህን የመሰለ ሕሊና ሊከበር ይገባዋል እንጂ «ዝም ብለው ይበሉ» አይባልም። የተስማማንበት መልስ «በወረቀቴ ላይ የተጻፈው ጃንዋሪ 1 ነው» የሚል ነበር። እውነትም ነው፤ ሠራተኛውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከመደወላችሁ በፊት ወረቀቱን ፊት ለፊታቸው አስቀምጡ። እናንተም በእርሳቸው ስም ሆናችሁ አትናገሩ፤ አጠገባቸው ተቀመጡ እንጂ። የእርሳቸውን ድምፅ መስለን እንናገር ያሉ ልበ ርኅሩኅ ወጣቶች ነበሩ፤ ከለከልናቸው።

ስለ ሰነዶች በአጭሩ። ቢሮ ሲዘጋ ሰው ሁሉ ዋናውን ወረቀት በፖስታ መላክ ያምረዋል። መሥሪያ ቤቱ ራሱ በውጭ አገር የተሰጠ የልደት ወረቀትና የኢሚግሬሽን ሰነድ በፖስታ እንዳይላክለት ይመክራል፤ ከጠፋ በቀላሉ አይተካምና። እኛ የአንድ ሽማግሌ የዜግነት ምስክር ወረቀት በፖስታ ውስጥ ከትተን ቴምብር ለጥፈን ነበር። ያስቆመችን ከጸሐፊዎቻችን አንዲቱ ናት። በተዘጋው ዘመንም ቢሆን የሚበላው ወይም የሚያድርበት ላጣ፣ መድኃኒትም ለቸገረው ሰው በቀጠሮ ፊት ለፊት መስተናገድ የሚቻልበት መንገድ ነበር። ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በስልክ ሲጠይቁ ችግሩን በትክክል መናገር ያስፈልጋል፤ የእኛ ሰው ግን «እንዴት ነዎት?» ሲባል «ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ብሎ ይጀምራል፤ ምግብ እንደሌለው ሳይናገር ስልኩን ይዘጋል።

ደብዳቤዎችስ? ከቢሮው የሚመጣው ደብዳቤ እንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በመጽሐፍ ቅዱስ መካከል ወይም በትራስ ሥር ይቀመጣል፤ ልጅ እስኪመጣ። በደብዳቤው ላይ ያለውን ውሳኔ ለመቃወም ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን በ5 ቀን ውስጥ እንደ ደረሰ ይቈጠራል። እርዳታው ሊቋረጥ ወይም ሊቀነስ ነው የሚል ከሆነ ደግሞ ይግባኙ እስኪታይ ክፍያው እንዳይቋረጥ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ 10 ቀን ብቻ ነው። አሥር ቀን ማለት አንድ ሳምንት ከሦስት ቀን ነው። ስለዚህ በጉባኤያችን እሑድ ከአምልኮ በኋላ የደብዳቤ ማንበቢያ ጠረጴዛ አቁመናል። ሁለት ሰው ይበቃል።

አሁን ደግሞ ብዙዎች የማያውቁት የሰባቱ ዓመት ነገር አለ። በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የገቡ አረጋዊ ዜግነት እስኪያገኙ ድረስ ኤስ.ኤስ.አይ. የሚያገኙት በጥቅሉ ለ7 ዓመት ብቻ ነው። የኢሚግሬሽን ቢሮዎችም በ2020 ከማርች 18 እስከ ጁን 4 ለሕዝብ ተዘግተው ነበር፤ የዜግነት ፈተናና መሐላ ቆመ፤ ሰባቱ ዓመት ግን አልቆመም። ስድስተኛ ዓመታቸው ላይ የነበሩ ሰዎች እንዴት እንደ ተጨነቁ አይተናል። እንግዲህ በጉባኤያችሁ ያሉትን አረጋውያን የመግቢያ ቀን ጠይቁና አምስተኛው ዓመት ሳያልፍ አስታውሱአቸው። ልጆቻቸው ያመጧቸው ወላጆች ሁኔታ ሌላ ነው፤ እነርሱ በጥቅሉ ዜግነት እስኪያገኙ ድረስ አይሰጣቸውም፤ ያልተፈቀደ ተስፋ አትስጧቸው።

ስለ ምግብና ሕክምና እርዳታ ብዙ አንናገርም፤ እነዚህን የሚያስተዳድሩት ክፍለ ግዛቶች ስለሆኑ ሕጉ ይለያያል። ዋሽንግተን ከተማ ግን በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ ተናጋሪዎች ባሏቸው የከተማዋ ቢሮዎች አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላቸው። «አማርኛ» ብሎ መጠየቅ ልመና አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቢሮ ሲዘጋ ሌላ ሰው በሩን ይከፍታል። በስልክ «ከሶሻል ሴኩሪቲ ነኝ፤ ቁጥርህ ሊታገድ ነው፤ የስጦታ ካርድ ገዝተህ ቁጥሩን ንገረኝ» የሚሉ አጭበርባሪዎች በዚያን ጊዜ በዝተው ነበር፤ አሁንም አልጠፉም። ማመልከቻ ያለ ክፍያ ነው። ፎርም እሞላለሁ ብሎ ከአረጋዊ እጅ መቶ ዶላር የሚቀበል ሰው በመካከላችሁ ቢኖር፣ ወንድምም ቢሆን፣ ዝም አትበሉት።

«ይህ ሁሉ አልፏል፤ ቢሮዎቹ ተከፍተዋል» የሚል ይኖራል። ተከፍተዋል። ነገር ግን ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በቢሮ ለመስተናገድ አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ደንብ ሆኗል፤ ቀጠሮውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው በስልክ ነው። በዚያው ዓመት ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 የፌዴራሉ መንግሥት በበጀት ምክንያት ለ43 ቀን በከፊል ሲዘጋ ደግሞ የኤስ.ኤስ.አይ. ክፍያ ባይቋረጥም፣ የምግብ እርዳታው በኖቬምበር ተስተጓጉሎ ነበር። በዚያ ጊዜ የጉባኤያችን ሰዎች እንደ ገና «እስኪከፈት እንታገሥ?» እያሉ ጠይቀውናል።

ከምሳ በኋላ በምድር ቤቱ ክፍል ሁለት ስልክና ሁለት ደብተር አዘጋጅተናል። አንዱ ባለጉዳይ፣ አንዱ የቢሮ ሠራተኛ ሆኖ እንለማመዳለን። በመጀመሪያ የነገርናችሁ አባትም ይገኛሉ፤ መሣሪያው ሲጠይቅ ዝም ብሎ መቈየትን የሚያስተምሩን እርሳቸው ናቸው። ከየጉባኤው ሁለት ሁለት ሰው ይበቃናል፤ የእናንተን አረጋውያን የመግቢያ ቀን ዝርዝር የያዛችሁ ካላችሁ እሱንም ይዛችሁ ውረዱ።