የቬፕ ፈሳሽ በቤት ውስጥ እንዴት ይቀመጥ?

በናኪቫሌም ሆነ በኦልድ ካምፓላ የምትኖሩ ወገኖች፣ የዛሬው የጤና ምክራችን ቬፕ ስለሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሽ ነው።

ይህን ዕቃ ማስገባትና መሸጥ በኡጋንዳ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የትምባሆ ቁጥጥር ሕግ ተከልክሏል። በኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከልክሎታል። ሆኖም ከውጭ በመጣ ሰው ሻንጣ ወደ ቤት ሊገባ ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው መተው ነው። ቤት ውስጥ ካለ ግን ይህን አስተውሉ።

ፈሳሹ ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይለወጣል። ስለዚህ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ከፀሐይና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት አርቃችሁ አስቀምጡ።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። አብዛኛው ፈሳሽ ኒኮቲን አለበት፤ ኒኮቲን ደግሞ መርዝ ነው። የፍራፍሬ ሽታው ሕፃናትን ያታልላል፤ አንድ ጉንጭ እንኳ ሕፃን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሣጥን ውስጥ ቆልፉበት። ወደ ለስላሳ ወይም ወደ ሽሮፕ ጠርሙስ ፈጽሞ አትገልብጡት።

እናቶችና አባቶች፣ ልጅ ከጠጣው ወተት ወይም የጨው ውሃ ሰጥታችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት። ቆዳው ላይ ከፈሰሰ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት። ማስመለስ፣ ማላብ ወይም መንቀጥቀጥ እስኪታይ አትጠብቁ፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ሕጉን ፈርታችሁ የጠጣውን አትደብቁ፤ ሐኪሙ ሊረዳው የሚችለው እውነቱን ሲያውቅ ነው።