የሐዲድ መገንጠያ ፋኖስ



እ.ኤ.አ. በ1968 ኤል.ጂ.ቢ. የተባለው፣ በ45 ሚሊሜትር ሐዲድ የሚሄድ የአትክልት ቦታ ትንሽ ባቡር በጀርመን አገር ወጣ። በሐዲዱ መገንጠያ አጠገብ የሚተከለው ፋኖስ ከመገንጠያው ጋር ይዞራል፤ የቆመ ነጭ አራት ማዕዘን ቢያሳይ መንገዱ ቀጥታ ነው፤ ቀስት ቢያሳይ ወደ ጎን ነው።

ሲተከል መገንጠያው አስቀድሞ በእጅ ወደ ሁለቱም ወገን ይፈተን፤ ምልክቱ ከሐዲዱ ካልተስማማ ቢበራም ሐሰተኛ ምስክር ነውና። አልበራ ቢል አምፑሉ፣ ቀጥሎ ሽቦው፣ ከዚያም በዝናብ የዛገው መጋጠሚያ በተራ ይመርመር። ባቡሩ ሲቆም ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ግን ኤሌክትሪኩን የሚወስደው ከሐዲዱ ነውና የራሱ መስመር ይሰጠው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛም ለታናናሾቻችን ምልክት ነን፤ ከመብራታችን በፊት ቃላችንና ሥራችን መስማማታቸውን እንመርምር።