ምኞት በመስመር ሲዘራ

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር







አርሶ አደር ምኞት አጥቶ አያውቅም። አንዱ የቤቱን የሣር ክዳን በቆርቆሮ መለወጥ ይመኛል። አንድ በሬ ያለው መቀናጆ ከመፈለግ ወጥቶ ባለ ጥማድ መሆን ያምረዋል። እማወራዋ ልጇን ኮሌጅ አስገብታ ማየት ትሻለች። ምኞቱ በእንቁጣጣሽ ቡና ላይ ይነገራል፤ በሚቀጥለው እንቁጣጣሽም ያው ምኞት በዚያው ረከቦት ዙሪያ ይደገማል። በመካከሉ ያለፈው ዓመት እጅ ታጥፎ የተቀመጠበት አልነበረም። ታርሷል፣ ታርሟል፣ ታጭዷል። የጎደለው ላብ ሳይሆን ምኞቱን ከዛሬው ሥራ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ እርከን ነው። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ ምኞት በአቅም ልክ ሲከፋፈልና እንደ ጨዋታ ደንብና ባልንጀራ ሲኖረው ከዳር ይደርሳል።

የገና ጨዋታ የሚያስተምረው

መኸር ተሰብስቦ ገና ሲደርስ ወጣቱ ሜዳ ወጥቶ ሩር ሲመታ ይውላል። ቀኑን ሙሉ ሮጦ «ደከመኝ» የሚል ጥቂት ነው። ያው ወጣት ግማሽ ቀን አረም ሲነቅል ወገቡን ይይዛል። ልዩነቱ የጉልበት አይደለም። በጨዋታው ሜዳው ወሰን አለው፤ ግቡ ይታያል፤ ቡድን አለ፤ ሲመሽ አሸናፊው ይለያል። አረሙ ግን ማለቂያው አይታይም፤ ብቻውን ለሚያርም ሰው «ጎበዝ» ባይም የለም።

አባቶችና እናቶች ደቦንና ወንፈልን ያቆዩት ይህን ስለሚያውቁ ነው። በደቦ አጨዳ ሰው ጎን ለጎን ተሰልፎ፣ እየዘፈነና እየተፎካከረ፣ ለአንድ ቤተሰብ የብዙ ቀን ሥራ የነበረውን በአንድ ቀን ይጨርሳል። ሥራው አልቀነሰም፤ ጨዋታ ገባበት እንጂ።

አሥር በአሥር

ከምኞቶች ሁሉ በዚህ አዳራሽ ብዙ ሰው የሚጋራው «የጤፍ ምርቴ በጨመረልኝ» የሚለው ነው። ጤፍን በመስመር መዝራት ለዚህ ከቀረቡት ምክሮች አንዱ ነው። በብተና ለአንድ ሄክታር 25 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ዘር ይወጣል፤ በመስመር ሲዘራ ግን 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይበቃል ተብሎ ይመከራል። ሆኖም ብዙ አርሶ አደር ሞክሮ ይተወዋል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ ያደክማል። በመስመሮች መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ከተተወ በአንድ ሄክታር የሚወጣው መስመር ቢቀጣጠል 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን ሰምቶ ማን ይጀምራል?

ያው ምኞት ወደ ጨዋታ ሲለወጥ እንዲህ ይሆናል። ሁለት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው ከማሳቸው አሥር ሜትር በአሥር ሜትር ይከልላሉ። ደንቡ አራት ነው፦

1. በክልሉ ውስጥ 50 መስመር ይወጣል። የሁሉም ርዝመት 500 ሜትር ብቻ ነው።
2. ዘሩ 50 ግራም፣ ማለትም ወደ አንድ የቡና ሲኒ የሚጠጋ ነው። ለእያንዳንዱ መስመር 1 ግራም ይደርሰዋል። ትንሽ ቢመስልም በ1 ግራም ጤፍ ውስጥ ከ2,000 በላይ ፍሬ አለ። ዘሩ በእኩል እንዲወርድ ከደረቅ አሸዋ ጋር ይቀላቀላል።
3. አጠገቡ በዚያው ስፋት፣ በተመሳሳይ ዝርያና ማዳበሪያ፣ በብተና ይዘራል። ዝርያው በ1998 ዓ.ም ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ ወይም ለአካባቢው የሚስማማ ሌላ ሊሆን ይችላል።
4. ለመዝራትና ለማረም የፈጀው ሰዓት ይመዘገባል። ድካምም ወጪ ነውና።

ምርቱ ሲወቃ የሁለቱም በማኅበሩ ሚዛን ይመዘናል። ሒሳቡ ለማንም አይከብድም። ከአሥር በአሥሩ የተገኘ እያንዳንዱ ኪሎ በሄክታር አንድ ኩንታል ማለት ነው። 17 ኪሎ ከሆነ በሄክታር 17 ኩንታል እንደማለት ነው። በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ መረጃ መሠረት ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም በነበሩት የመኸር ወቅቶች የአገሪቱ አማካይ የጤፍ ምርት በሄክታር ከ17 እስከ 19 ኩንታል ነበር። እንግዲህ የሚዘለለው ገመድ የት ላይ እንደተወጠረ ታወቀ!

ውርርዱም አይቀርም፤ የተረታው አባወራ ራሱ ቆልቶ፣ ራሱ ወቅጦ ለባለድሉ ቤተሰብ ቡና ያፈላል። መስመሩ ብልጫ ካሳየ በቀጣዩ ዓመት ክልሉ ይሰፋል። ካላሳየም ጉዳቱ ከመቶ ካሬ ሜትር አያልፍም፤ አርሶ አደሩም እውነቱን በገዛ መሬቱ አይቶታል። በሠፊው ለመዝራት ሲታሰብ ደግሞ ወንፈሉ አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሃምሳ መስመርም እንዲሁ።

ከዶሮ ወደ በግ

ጨዋታው ለማሳ ብቻ አይደለም። በግ መግዛት የምትመኝ እማወራ በዶሮ ትጀምራለች። የታቀፈች ዶሮ እንቁላሏን በ21 ቀን ትፈለፍላለች። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ ጭልፊት፣ ብርድና ፈንግል ጫጩቱን ይጨርሱታል። ስለዚህ ግቡ «ብዙ ዶሮ» ሳይሆን «ከተፈለፈሉት ከግማሽ በላይ የሆኑትን ለሁለት ወር ማድረስ» ይሁን። ልጆች በየማታው ጫጩት ቆጥረው በከሰል ግድግዳው ላይ ያሰምራሉ። ቁጥሩ እንዳይጎድል የሚጠብቁትም እነሱ ናቸው። የፈንግል ክትባት ቀን ሲደርስ ቀድመው የሚያስታውሱትም እነሱ ይሆናሉ።

ዕቁብም ይህን ጥበብ ቀድሞ ያውቀዋል። 20 ሰው በየሳምንቱ 100 ብር ቢጥል ዕጣ የወጣለት 2,000 ብር ያገኛል፤ በ20 ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። ብቻውን ለማጠራቀም የሚቸገር ሰው ዕጣውን እየጓጓ ሳይሰማው ይቆጥባል። ነገር ግን ብሩ ከመውጣቱ በፊት ለምን እንደሚውል ካልተነገረ በድግስ ያልቃል። «የእኔ ዕጣ በግ ነች» ብሎ በዕቁቡ ፊት የተናገረ ሰው ግን ዓላማውን መርሳት ያፍራል። የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበራትም ይህንኑ ልማድ በመዝገብና በሕግ ያጸኑ ናቸው።

ኮታና ግብ

የተከበራችሁ አመራሮች፣

ኮታ ከላይ ይወርዳል፤ ግብ ግን ከቤት ይወጣል። ኮታ ብቻ ሲሆን የመንገድ ዳሩ ማሳ በመስመር ይዘራና ከኮረብታው ጀርባ ያለው በብተና ይቀራል። ሪፖርቱ ይሞላል፤ ጎተራው አይሞላም። በዚህ የሚጎዳው አርሶ አደሩ ብቻ አይደለም፤ በተሳሳተ ቁጥር የሚያቅደው ጽሕፈት ቤትም ነው። «ስንት ሄክታር ሸፈንክ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «አሥር በአሥርህ ዘንድሮ ምን አሳየህ?» ተብሎ ቢጠየቅ እውነተኛ መልስ ይገኛል።

ማኅበራቱም ድርሻ አላቸው። ሚዛን ማዋስ፣ ውጤቱን በጠቅላላ ጉባኤ ማንበብ፣ ሽልማትም ካለ ብዙ ላመረተው ብቻ ሳይሆን የጀመረውን ለጨረሰ መስጠት ይቻላል። እንዲያ ሲሆን ሁለት ጥማድ መሬት ያላትም አባል ስምንት ጥማድ ካለው ጋር በእኩል ትወዳደራለች። በኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ አባል አንድ ድምፅ እንዳለው ሁሉ፣ አንድ አባል አንድ አሥር በአሥር ይኖረዋል።

የቆርቆሮው ቤት፣ የበሬው ጥማድ፣ የልጅ ኮሌጅ በአንድ ክረምት አይመጣም። ግን ሐምሌ ላይ 50 መስመር፣ በየሳምንቱ አንድ ዕጣ፣ በየማታው አንድ የከሰል ምልክት ለማንም ቤት አይበዛም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ለሚመጣው የምሥረታ በዓል እያንዳንዱ አባል ምኞቱን ሳይሆን የመዘነውን ይዞ ይምጣ።