ካርዳችንን ማን በላው?

(ወረታ ላይ ለነጋዴዎችና ለወጣቶች ከቀረበ ንግግር)



የፎገራ ገበሬ የሩዙንና የሽንኩርቱን ዋጋ የሚጠይቀው በስልክ ነው። ባሕር ዳር ላለው ደላላ ሊደውል ሲል ሒሳብዎ አልቋል ይባላል። ትናንት ማታ የሞላው 50 ብር የት ገባ? «ቴሌ በላው» ይላል፤ ወይም ልጁን ይቆጣል። ስልኩን የሚጠረጥር የለም።

በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ግን አፕስትሪም የተባለ ኩባንያ አንድ ጉድ አወጣ። ቴክኖ ደብልዩ 2 በተባለው ርካሽ ስልክ ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የሚባሉ ተንኮለኛ ፕሮግራሞች ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ተጭነው ተገኙ። ባለቤቱ ሳያውቅ በስሙ የክፍያ አገልግሎት እየተመዘገቡ ካርዱን ይጨርሱበታል። ከ200 ሺህ በላይ ከሆኑ ስልኮች 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ሙከራ ተቆጥሯል። በዋናነት ከተጠቀሱት 5 አገሮች አንዷ ማን መሰለቻችሁ? ኢትዮጵያ!

የቴክኖ ባለቤት ትራንሽን ምን አለ? ጥፋቱ «በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ አንድ አቅራቢ» ነው፣ እኔ አላተረፍኩበትም አለ። የአቅራቢውን ስም ግን ዋጠው።

ለመሆኑ ይህ አቅራቢ ከየት ይመጣል? ጉግል በ2011 ዓ.ም. የትሪያዳን አመጣጥ ሲያስረዳ እንዲህ ነበር ያለው፦ አምራቹ ስልኩ ፊት አይቶ እንዲከፈት ፈለገ እንበል፤ ራሱ መሥራት ካልቻለ የስልኩን ሶፍትዌር በሙሉ ለሌላ ድርጅት ይልካል። ያኛው የተጠየቀውን ጨምሮ፣ ያልተጠየቀውንም ሸጉጦ ይመልሳል። ሩዝህን ለመፈልፈያ ቤት ልከህ ጠጠር ተቀላቅሎበት ቢመጣ ማለት ነው። ጠጠሩ ግን ጥርስ ላይ ይታወቃል፤ ይሄኛው ድምፅም የለው። በርካሽ ስልክ ላይ ትርፉ ቀጭን ስለሆነ ለሶፍትዌር ሥራ ትንሽ የሚያስከፍለው ይመረጣል። ልዩነቱን ገበሬው በካርድ ይከፍላታል።

ያኔ ቴሌ በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። ካርዱ የሚቆረጠው በእርሱ መረብ ላይ አይደለም ወይ? በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንስ ወደ አገር የሚገባውን ስልክ የሚመረምረው ቀፎውን ነው ወይስ በሆዱ የያዘውን? ይህን በአደባባይ እንዲመልሱ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ማንንም አትፍሩ።

ስልክ የምትጠግኑ ወንድሞቼ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እነዚህ ፕሮግራሞች ፎርማት በማድረግ አይጠፉም፤ ንጹሕ ሶፍትዌር እንደ አዲስ ፍላሽ መደረግ አለበት። ፎርማት ብቻ አድርጋችሁ «ጸድቷል» ብላችሁ የገበሬውን ብር አትቀበሉ።