ከጌጁ ጀርባ ያለውን ቁጥር እናንብብ
(በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ዝግጅት የተሰጠ ንግግር)

የዛሬው ንግግሬ በተለይ ለሾፌሮች፣ ለረዳቶችና በየጋራዡ ለምትሠሩ ወጣቶች ነው። «ቁጥር ማንበብ ለሥራዬ ምን ይረባኛል?» ለሚል ሰው አንድ መልስ ከመኪና ክሩስኮት ላይ አምጥቻለሁ።

ከሚሌ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣ የጭነት መኪና አስቡ። በቆላው ሙቀት ላይ ዳገቱ ተጨምሮ ሞተሩ ይግላል። ሾፌሩ እየነዳ የሞተሩን ሆድ ከፍቶ አያይም፤ መልእክተኛው ጌጁ ነው። መልእክተኛው ከዋሸ ቴስታታ ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ የቤተሰብ እንጀራም መንገድ ላይ ይቆማል። ስለዚህም ብዙዎች ተጨማሪ የሙቀት ወይም የዘይት ግፊት ጌጅ ገዝተው ያስገጥማሉ። መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን ስንገዛ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም እናንብብ። እዚያ 12 ወይም 24 የሚል ቁጥር አለ፤ ቀጥላ የእኛን «ሀ» የምትመስል ፊደል ትገኛለች። ቮልት ማለቷ ነው።

የትንንሽ አውቶሞቢሎች ኤሌትሪክ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ነው። እንደ ድሮው ኤንትሬ ፊያትና እንደ ዛሬው ሲኖትራክ ያሉት ትላልቆቹ ግን 24 ናቸው። የአንዱ ባትሪ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ይታሰርና 12 ሲደመር 12፣ 24 ይሆናል። ትልቅ የናፍጣ ሞተር ለማስነሣት ሞተሪኖው ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ለዚያው ኃይል የሚያስፈልገው ከረንት በግማሽ ይቀንሳል። ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ሲሞላ ደግሞ 24 የተባለው እስከ 28 ገደማ ይደርሳል።

ታዲያ ለ12 የተሠራ ጌጅ በ24 ላይ ቢታሰር ምን ይሆናል? ሒሳቡ ቀላል ነው። ቮልቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ከረንቱም ሁለት እጥፍ ይሆናል። ሙቀቱ ግን የሁለቱ ብዜት ስለሆነ፣ ሁለት ጊዜ ሁለት አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። አምፖሉ ይቃጠላል፤ ጌጁም ወይ ይቃጠላል፣ ወይ የተሳሳተ ያሳያል። የከፋው ይኸኛው ነው። የሞተ ጌጅ ሰውን ያስጠነቅቃል፤ የሚዋሽ ጌጅ ግን ያዘናጋል።

አንዳንዱ ሰው «እንግዲያው ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 እንውሰዳ!» ይላል። ልብ በሉ፣ ሁለቱ ባትሪዎች በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች ናቸው። አንዱን ብቻ በትርፍ ሥራ ካደከምነው ዲናሞው ይህን ለይቶ አያውቅም፤ የሚያየው የሁለቱን ድምር ነው። የደከመው ሳይሞላ ይቀራል፣ ሌላው ከመጠን በላይ ተሞልቶ ውሃውን ይጨርሳል። በመጨረሻም ሁለቱም ይበላሻሉ።

ትክክለኛው መንገድ ምንድን ነው? ከሁሉ የሚሻለው 24 የሚል ጌጅ መግዛት ነው። ካልተገኘ፣ 24ን ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ማስገባት ይቻላል። በዚህ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ፤ ይኸውም የጌጁ መብራት ሽቦ ነው። ዋናው መስመር ከኮንቨርተር መጥቶ የመብራቱ ሽቦ ከክሩስኮቱ መብራት ጋር ከተቀጠለ፣ 24 በጓሮ በር ገባ ማለት ነው። የባትሪ ቮልት የሚያሳየውን ጌጅ ግን ምንጊዜም ለ24 የተሠራውን ግዙ። ከኮንቨርተር ቢታሰር የሚያነበው የኮንቨርተሩን 12 እንጂ የባትሪውን ጤንነት አይደለም።

አሁን ወደ ማሠሪያው እንምጣ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፤ ሲያበቃም መጨረሻ ላይ እሰሩት። በብዙ ጌጆች ጀርባ ሦስት የላቲን ፊደሎች አሉ። እንደ ዱላ ቀጥ ብላ የቆመችው «አይ» ቁልፍ ሲዞር የሚመጣውን መስመር፣ «ጂ» ማሳን፣ እንደ እባብ የተጠማዘዘችው «ኤስ» ከሞተሩ ላይ የሚመጣውን የሴንደር ሽቦ ያመለክታሉ። በመስመሩ ላይ ፊውዝ ይግባ፤ ቦታውም ኤሌትሪኩ ከሚነሣበት አጠገብ ነው። ከጌጁ አጠገብ ቢሆን ግን በመሐል ሽቦው ተልጦ ብረት ሲነካ እሳቱን አያስቀረውም።

ሴንደርና ጌጅ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ናቸው፤ አብረው የተሠሩትን አትለያዩ። ባለ አንድ ሽቦ ሴንደር ማሳውን የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ስለሆነ፣ እንዳያፈስ ተብሎ ነጭ ላስቲክ በብዛት ከተጠቀለለበት ማሳው ሊቋረጥ ይችላል።

በመጨረሻ ጌጁን ሳትፈትኑ አትመኑ። ሴንደሩን ከነሽቦው በፈላ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ አካሉንም በሌላ ሽቦ ከማሳ ጋር አገናኙ። እዚህ ላይ 100 ዲግሪ አትጠብቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። መርፌው እዚያ አካባቢ ከቆመ መልእክተኛችሁ እውነተኛ ነው።

አድማጮቼ፣ በጌጁ ጀርባ የተጻፈችው ቁጥር ከአንድ ጥፍር አትበልጥም። ማንበብ የሚችል ሰው ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት፣ እዚያው መደብር ውስጥ አገላብጦ ያያታል። የማያነብ ጓደኛ ካላችሁም አሳዩት። በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።