አልጋው ለማን ይቀራል?

(በተማሪዎች ኅብረት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ የሽንፋ ልጅ ነኝ። በዚያው በእኛ ቆላ፥ በመተማ፥ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ስለ ተደረገው ጦርነት ሲወራ የምንሰማው የጀግንነቱን ነገር ነው። ዛሬ ግን ስለ ሌላው ጉዳይ ልናገር እወዳለሁ፤ ይኸውም መሪ ሲሞት ሥልጣኑ ለማንና በምን መንገድ ይተላለፋል የሚለው ነው። በመተማ የተጋጠሙት ሁለቱም ወገኖች በዚህ ጥያቄ ተፈትነዋልና።

የመሐዲስቶች ንቅናቄ በሃይማኖት ስም የተነሣ ነው። መሪው መሐመድ አሕመድ በሰኔ 1877 ዓ.ም. ሲሞት፥ የከሊፋ አብዱላሂን ሥልጣን ቀደም ብሎ በጽሑፍ አስታውቆ ስለ ነበር፥ አመራሩ ወዲያው ተላለፈ። ነገር ግን ከሊፋው ሥልጣኑን ወደ ገዛ ጎሣው ስለ ሰበሰበ፥ የመሐዲው ዘመዶች በ1884 ዓ.ም. ዐመፁበት። እንግዲህ ወራሽን አስቀድሞ ማስታወቅ መልካም ቢሆንም፥ ብቻውን አይበቃም።

በእኛ በኩል ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ። ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ሌላ ወራሽ በአደባባይ አልተሾመም። ንጉሠ ነገሥቱ በመተማ ቆስለው ሊሞቱ ሲሉ፥ እስከዚያ የወንድማቸው ልጅ ሲባሉ የኖሩትን ራስ መንገሻን ልጄና ወራሼ ናቸው ብለው ተናዘዙ። ቃሉን የሰሙት በአጠገባቸው የነበሩት ናቸው። አገሩ ወራሹ ማን እንደ ሆነ ሲከራከር፥ ኢጣልያ በዚያው ክረምት አሥመራን ያዘች። ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ዘውድ ጫኑ፤ መንገሻም እስከ 1886 ዓ.ም. ድረስ አዲስ አበባ መጥተው አልገቡም።

ዐፄ ምኒልክ በበኩላቸው በግንቦት 1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን በዐዋጅ አልጋ ወራሽ አደረጉ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ዳሩ ግን በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ተደበቀ። ኢያሱም ዘውድ ሳይጭኑ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ተሻሩ። ለውድቀታቸው ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረ፤ ሆኖም የአሮጌው ንጉሥ ሞት ያልተነገረው ሕዝብ፥ አዲሱን ንጉሥ እንዴት አድርጎ በሙሉ ልብ ይቀበል? በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል።

ጓደኞቼ፥ ይህን ሁሉ ያነሣሁት ነገሥታትን ለመውቀስ አይደለም። የኛም ኅብረት መሪዎቹ በየዓመቱ እየተመረቁ የሚሄዱበት ቤት ነው። ቁልፉና የገንዘቡ መዝገብ በአንድ ሰው እጅ ከቀረ፥ ያ ሰው ሲሄድ ኅብረቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ፦ ምርጫው ከምረቃው አስቀድሞ በሁላችን ፊት ይደረግ፤ ቃለ ጉባኤውና ሒሳቡም ለአዲሶቹ መሪዎች ሲተላለፍ ለአባላት ሁሉ ይነበብ። በድንኳን ውስጥ የተነገረ ቃል አገር እንዳላስማማ አይተናልና፥ የኛ ቃል በአደባባይ ይሁን።