«እኔ ጋ ይሠራል»

ስለ ሥራ ልምድህ ተናገር ተብዬ ነበር። እኔ ግን ያጠፋሁትን አንድ ጥፋት ይዤ መጣሁ።

ተክለ ሃይማኖት አንዲት ክፍል ተከራይተን ለመርካቶ አከፋፋዮች የዕቃ መመዝገቢያ ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። የኮዱን ትክክለኛነት የሚፈትሹትን ቴስቶች የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፓስወርዱ የእኔ፣ ፎልደሩ የእኔ፣ ሰዓቱም የእኔው ላፕቶፕ ሰዓት። ስክሪኑ ሁሉ አረንጓዴ!

ከዚሁ ግቢ የተመረቀች ልጅ ቀጠርን። ኮዱን ወደ ራሷ ማሽን አወረደች፤ ግማሹ ቴስት ወደቀባት። «እኔ ጋ ይሠራል» አልኳት። ሁለት ቀን ሙሉ ፓስወርድና ፎልደር ስትቀያይር ከረመች። ሦስት ቴስቶች ግን እምቢ አሉ። «ችግሩ ኮዱ ላይ ሳይሆን አይቀርም» አለች፣ ፈራ ተባ እያለች። «ያበላሸሽው አንቺ ነሽ!» አልኳት፤ ያውም ሰው ፊት።

የእሷ ላፕቶፕ፣ ልክ እንደ ደንበኛው ሰርቨር፣ የተሞላው በዩቲሲ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ። የደንበኛችን ጭነት ደግሞ የሚራገፈው በሌሊት ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የገባ ዕቃ እኔ ጋ ሐምሌ 1 ይላል፤ እሷ ጋ ገና ሰኔ 30፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። የበጀት ዓመቱ የሚለወጠው በዚያችው ሌሊት! የዓመቱ ሒሳብ ሊዛባ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህ ዕቃ የየትኛው ቀን ነው?» ብለን ደንበኛችንን ጠየቅን። «ገና አልነጋም እኮ፤ የሰኔ ነዋ!» አሉ። (በአገራችን ልማድ ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ አይደል?) ሒሳብ ሠራተኛቸው ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ ሐምሌ ነው ብላ ድርቅ አለች። በእሷ ሄድን።

ያኔ ነው የለየነው። ፓስወርድ፣ ፎልደርና ፖርት የየሰው ነው፤ ጊት ውስጥ በማይገባ የግል ፋይል ይቀመጣል፣ ባዶ ናሙናው ብቻ ለሁሉም ይሰጣል። የሰዓት ክልልና የቴስቱ ቀን ግን የማንም የግል አይደለም፤ በጋራው ኮንፊግ ላይ «አዲስ አበባ» ተብሎ ተጻፈ። ኮዱም ሰዓትን ከማሽኑ መጠየቅ ተወ። የልጅቷን ላፕቶፕ ግን በዩቲሲው እንዲቀጥል አደረግን፤ እኔ ጋ የማይታየውን ስህተት እሱ ያሳያላ።

ይቅርታ የጠየቅኳት ከሳምንት በኋላ፣ ያውም ብቻችንን ሆነን ነው። የተቆጣኋት ግን ሰው ፊት ነበር። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች። ይቅርታ አድርጊልኝ።